ግማሽ ዙር ብቻ ቁረጪልኝ

የመጀመሪያው መስታወት ሲረግፍ ልጅቷ መኪና ስር ነበረች። ካርቶኗ ላይ በጀርባዋ ተኝታ የአንድ ታክሲ ፍሬን እያጠበቀች ነው። ሁለተኛው ሲረግፍ ቁልፉ ከእጇ አምልጦ ግንባሯ ላይ ወደቀ። ሦስተኛውን አልጠበቀችም፤ በክርኗ እየተንፏቀቀች ወጣች።

የጋራዡ በር ላይ ጎታች መኪና ቆሟል። ጎትቶ ያመጣት ሰማያዊ የቤት መኪና የኋላ ጎማዋ ተቦጫጭቆ ተንጠልጥሏል፤ አንድ ጎኗም ከፊት በር እስከ ኋላ በር ወደ ውስጥ ገብቷል። ልጅቷ መኪናዋን ለማወቅ ታርጋ ማየት አላስፈለጋትም። እንዲያ መሬት የምትልስ መኪና በከተማው ውስጥ አንድ ብቻ ናት፤ ያሳጠረቻትም እሷው ራሷ ናት።

"ሞተ!" አለች በሆዷ። "ሸሚዙ ሞተ!"

ሸሚዙ ያለችው የመኪናዋን ነጂ ነው። ስም አለው፤ እናቱ ያወጣችለት ቆንጆ ስም። ግን በግራሶና በጥቀርሻ መሀል በተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለሚመላለስ ሰው ጋራዥ የራሱን ስም ያወጣለታል። እሷም እንደ ሠራተኞቹ "ሸሚዙ መጣ" ትል ነበር፤ ልዩነቱ እሷ ስትለው እጇን በቱታዋ ትጠርጋለች።

ሸሚዙ አልሞተም። ከጎታቹ ኋላ ከቆመው ፒክአፕ ሲወርድ አየችው። ጭረት እንኳ የለበትም። የታክሲውን ኮፈን ተደገፈች፤ መስታወት እየረገፈ፣ ሰው እየጮኸ፣ እሷ ልትስቅ ምንም አልቀራትም።

ሳቋ ከአፏ ሳይወጣ ታላቅ ወንድሙን አየችው። ግራ ክንዱ በጀሶ ታስሮ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። በቀኙ የክሪክ እጀታ ጨብጧል። ከራሱ መደብር ያመጣቸው ሁለት ጫኝ አውራጆች የሰው መኪና መስታወት እየዞሩ ያረግፋሉ።

"የታለች?" አለ እጀታውን ወደ ላይ አንስቶ። "ያቺ ሞላ ቆራጭ የታለች?"

እስቲ እጀታውን እዚያው አየር ላይ እናቆየውና ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ላውራችሁ። ሳላወራችሁ ከወረደ ትፈርዱባታላችሁ። ካወራኋችሁ በኋላም ትፈርዱባት ይሆናል፤ ግን አውቃችሁ ፍረዱ።

*

ሞላ ማለት ጎማው አጠገብ የተጠመጠመ፣ የመኪናውን ክብደት የሚሸከም፣ ጉድጓድ ሲመጣ ተጨምቆ መልሶ የሚዘረጋ ብረት ነው። መኪናዬ ዝቅ ትበልልኝ የሚል ጎረምሳ ከሞላው ላይ አንድ ዙር ያስቆርጣል። የልጅቷ አባት፣ የጋራዡ ባለቤት፣ ይሄን ሥራ አይወደውም። "እግር ቆርጦ ማሳመር" ይለዋል። እሷ ግን እጇ ገብቶበታል። አራቱን ሞላ እኩል ትቆርጣለች፣ ጫፉን ትሞርዳለች፣ ባለመኪናውን መሪ ላይ አስቀምጣ ከፊትም ከኋላም ትለካለች። ሰው ከሌላ ሰፈር ድረስ እሷን ብሎ ይመጣል።

ሸሚዙም እንደ ማንም መጣ። አንድ ዙር አስቆረጠ፣ አመሰገነ፣ ሄደ። መኪናዋ አማረች፤ ሥራው አለቀ። ሳምንት ሳይሞላው ተመለሰ።

"ትንሽ ከፍ ያለች አይመስልሽም?"

ቁጢጥ ብላ አየች። ከፍ አላለችም። ቀና ብላ ደግሞ እሱን አየችው፤ ጆሮው ቲማቲም መስሏል።

"ግማሽ ዙር ብቻ ቁረጪልኝ" አለ።

ቆረጠችለት። ለምን? የባለሙያ መልስ ከፈለጋችሁ፣ ደንበኛ ስላዘዛት ነው። እውነቱን ከፈለጋችሁ ግን ነገሩ የተበላሸው ከመኪና ስር ተኝታ ጫማውን ያየች ዕለት ነው። ሌላ ደንበኛ ስልኩን እየነካካ ጥላ ስር ይቀመጣል። የእሱ ጫማ ግን ቀስ በቀስ እየተጠጋ ይመጣል፤ ከዚያ ጉልበቱ መሬት ይነካል፤ ከዚያ የእጅ ባትሪ ይዞ ፊቱ ብቅ ይላል። "ላብራልሽ?" ይላታል። ያበራላታል፤ ሞላው ላይ ሳይሆን ፊቷ ላይ። "ዓይኔን አጠፋኸው እኮ!" ስትለው ደንግጦ ባትሪውን ያጠፋዋል፤ መኪናው ስር፣ ድንግዝግዙ ውስጥ፣ ሁለቱም ይተያያሉ።

እንዲህ እያለ ተመላለሰ። ሁሌም ግማሽ ዙር። ሻይ እንጠጣ ቢላት ምን ነበረበት ትሉኝ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ግን ይሄ ሰው አባቱ ከሞቱ ጀምሮ ያሳደገውን ታላቅ ወንድሙን "ጋሼ" እያለ ቆሞ የሚያናግር፣ ጸጉሩን እንኳ አስፈቅዶ የሚቆረጥ ሰው ነው። ጋሼ ደግሞ የትልቅ የግንባታ ዕቃ መደብር ባለቤት ነው፤ ለታናሹ የሚያገባት የነጋዴ ልጅ አስቦለታል። በቱታ መሬት ለመሬት የምትንከባለል ልጅ እዚያ ሐሳብ ውስጥ በየት በኩል ትግባ? እሷም ብትሆን "ምን ፈልገህ ነው?" አላለችውም። የምትፈልገው እንዲመለስ ነው፤ የሚመለሰው ደግሞ ስትቆርጥለት ነው። ሁለት ጤነኛ ሰዎች መነጋገር አቅቷቸው አንዲት ምስኪን መኪና እየከረከሙ መሬት አስነኳት። ያውም የሟች አባቱን መኪና።

የመጨረሻው ቀን ሞላውን አወጣችና እጇ ላይ መዘነችው። የተረፈው ትንሽ ነው።

"ዛሬን እቆርጥልሃለሁ፤ ከዚህ በኋላ ግን የለም" አለችው። "ዛሬም መቁረጥ አልነበረብኝም። ስማኝ፣ ይሄ የሚችለው አንተን ብቻ ነው። ኋላ ወንበር ላይ ሰው እንዳታስቀምጥ፤ ዕቃ እንዳትጭን። ጎማው ፓራፋንጎውን፣ ከላዩ ያለውን ቆርቆሮ፣ ይነካና ይፈነዳል። ቤት ውስጥ ሌላ የሚነዳት ሰው ካለ ንገረው።"

"እሺ።"

"ማልልኝ።"

"እሺ አልኩሽ እኮ።" ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ከዚህ በኋላ የማይቆረጥ ከሆነ እንግዲህ ምን ብዬ ልምጣ?" አለ።

ሰማችው። እሷ ግን ያልሰማች መስላ መቁረጫ ማሽኑን አስነሳች። ብልጭታው በሁለቱ መሀል እየተረጨ፣ ዕድሜዋን ሙሉ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት እንደማያውቅ ታወቃት።

ለወንድሙ አልነገረውም። ቢነግረው "ለምን እዚያ ድረስ አስቆረጥካት?" ይባላል፤ ለዚያ ጥያቄ ደግሞ ያለው መልስ አንድ ብቻ ነው። ፈራ። ዛሬ ነገ ሲል ትናንት ወንድምየው ፒክአፑን ሠራተኞች ይዘውት ስለወጡ የአባቱን መኪና ቁልፍ አነሳ። የኋላ ወንበሯንና የዕቃ ማስቀመጫዋን በሴራሚክ ካርቶን ሞላና ወጣ። ቁልቁለቱ ላይ ጎማው ፈነዳ። መኪናዋ ዞራ ከግንብ ተላተመች።

*

እጀታው ወረደ። ያረፈው ከልጅቷ ክርን አጠገብ፣ የታክሲው ኮፈን ላይ ነው። ቆርቆሮው ሰረጎደ።

"አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ያባቴን መኪና እንዲህ ያደረግሻት አንቺ ነሽ?"

አባቷ ከኋላ ክፍል እየሮጠ ወጣ። ሽማግሌ ነው፤ ሲሮጥ ይተነፍሳል እንጂ ብዙም አይራመድም። መጥቶ በሁለቱ መሀል ቆመ።

"ጌታዬ፣ ይረጋጉ። የተበላሸ ነገር ካለ—"

"ክንዴ ነው የተበላሸው! ለጥቂት ነው ያልሞትኩት፣ ትሰማለህ?"

"ጋራዡ የኔ ነው። የሚጠይቁት እኔን ነው፤ ልጄን ይተዉልኝ።"

ሰውየው በአባቷ ትከሻ ላይ አሻግሮ እሷን አየ። "አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ጤነኛ ሰው ሞላ እንዲህ አይቆርጥም። ማን ነው እዚህ ድረስ ቁረጪ ያለሽ?"

ልጅቷ ሸሚዙን አየችው። እሱ የሚለው ነገር ረጅም አይደለም። እኔ ነኝ ጋሼ፣ ብቻ ነው። ይሄን ካለ የአባቷ ጋራዥ ይተርፋል፤ ስሟ ይተርፋል፤ የቀረውን ዱላ አብረው ይችሉታል። ዓይኗ "በል" አለው። በሕይወቷ ሰው እንደዚያ ለምና አታውቅም።

ሸሚዙ ጫማውን አየ።

አትፍረዱበት ልላችሁ ፈልጌ ነበር። አልቻልኩም፤ እኔም ፈርጄበታለሁ።

"ማንም አላለኝም" አለች ልጅቷ። "በራሴ ነው።"

አባቷ ዘወር አለ። "ምን ትያለሽ አንቺ? ማን ሳያዝሽ?"

"በራሴ ነው አባዬ።"

ወንድምየው እጀታውን አነሳ። ለእሷ ነው ያነሳው፤ ሽማግሌው ግን ራሱን ከፊቱ ደቀነ። ብረቱ ቅንድቡን ገመሰው። ቁጭ አለ፤ ደሙ በአፍንጫው ላይ ወረደ። ልጅቷ የጎማ መፍቻውን አንስታ ተወረወረች። አንዱን ጫኝ ትከሻው ላይ አገኘችው፤ ሌላኛው ከኋላ እጇን ጠምዝዞ ያዛት። ነከሰችው። ጸጉሯን ይዞ ከታክሲው በር ጋር አላተማት። የጋራዡ ሠራተኞች መዶሻ መዶሻቸውን ይዘው ተነሱ።

"ተዉ!" አለ አባቷ ከመሬት። "እንዳትነኳቸው። ሰው ይሞታል።"

ወንድምየው እያለከለከ ነው። ክንዱ ሳያመው አልቀረም፤ ፊቱ አመድ መስሏል። "መኪናዋን እንደነበረች ትመልሻታለሽ" አለ። "አሁን፤ እኔ ቆሜ እያየሁ። ካልሆነ ይሄን ቤት ከነጣሪያው አወርደዋለሁ።"

ግድግዳው ላይ ከፈረሰች ተመሳሳይ መኪና የወጡ ያልተቆረጡ ሞላዎች ተሰቅለዋል። ልጅቷ አባቷን ጎማ ላይ አስቀመጠችው፤ ደሙን በቱታዋ እጅጌ ጠረገችለት። ከዚያ አንዱን ሞላ አወረደችና ወደ ሥራ ጠረጴዛው ሄደች። በሸሚዙ አጠገብ ስታልፍ አላየችውም። ካየችው እንደምታለቅስ ታውቃለች፤ ለእነዚህ ሰዎች ደግሞ እንባዋን አትሰጥም።

*

ሙሉ ሞላ ቦታው የሚገባው መጀመሪያ ሲጨመቅ ነው። ጠረጴዛው ላይ ካለው የብረት መንከሻ፣ ከሞርሳው ጋር ታስሮ፣ ጥፍር ያላቸው ሁለት ረጃጅም ብሎኖች ከላይና ከታች ይነክሱታል። ቁልፉ በዞረ ቁጥር ሞላው ያጥራል፤ ባጠረ ቁጥር ይቆጣል። ያን ጊዜ ጋራዡ ደንብ አለው። አባቷ "መንገድ ስጡት!" ይላል፤ ሁሉም የያዘውን አስቀምጦ ወደ ግድግዳ ይጠጋል። ማንም አያወራም። ከሞላው አፍ ፊት ማንም አይቆምም።

"መንገድ ስጡት" አለ አባቷ፣ አንድ ዓይኑ በደም ተከድኖ።

ሠራተኞቹ ወደ ግድግዳው ተጠጉ፤ ልጅቷ ቁልፉን ማዞር ጀመረች። ወንድምየው ግን ደንቡን በምን ያውቃል? ፊት ለፊት ቆሞ ያያታል። "ፈጠን በይ" ይላል። ልጅቷ "ከዚያ ዞር ይበሉ" አለችው። "አንቺ ልታዢኝ ነው?" አለና ጭራሽ አንድ እርምጃ ቀረበ።

ሸሚዙ የዚያን ጊዜ ነው አፉን የከፈተው።

"ጋሼ።"

"ምን?"

"ይሄ ነገር... ቤት ገብተን እንነጋገርበት።"

"ቤት የሚያስገባ ምን ነገር አለ? ካለህ እዚሁ ተናገር።"

"ቤት ይሻላል ጋሼ።"

ልጅቷ ቁልፉን ጨብጣ ቆመች። አባቴ ደሙ እየፈሰሰ፣ እሱ ቤት ይሻላል ይላል! አንድ ነገር ደረቷ ውስጥ ተቃጠለ፤ ንዴት ይሁን ፍቅር ይሁን ያን ሰዓት መለየት አልቻለችም። ምናልባት አንድ ናቸው።

ወንድምየው በደህናው እጁ የታናሹን ኮሌታ ያዘ። "ምን ደብቀኸኛል?" አለና ገፈተረው። ሸሚዙ በጀርባው ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ሞርሳው ተናጋ፤ ከብሎኖቹ የአንዱ ጥፍር ከሞላው ላይ ሸርተት አለ።

ልጅቷ አየችው። ሌላው ጥፍር ብቻውን እንደማይችል አወቀች። የሞላው አፍ ያነጣጠረው ወንድምየው ፊት ላይ መሆኑንም አየች። እጇን መሰብሰብ ትችል ነበር። ብትሰበስበው ማንም "ለምን?" አይላትም፤ የአባቷን ቅንድብ የገመሰ ሰው ነው። እንዲሞት የፈለገችበት ቅጽበትም ነበር፤ እዋሻችኋለሁ እንዴ?

እጇን ሰደደች። ሞላውን በመዳፏ መትታ ወደ ጎን ገፋችው።

ጋራዡ እንደ ቦምብ ጮኸ። ሞላው በጣቶቿ ውስጥ አልፎ፣ በወንድምየው ጆሮ ስር አልፎ፣ የቆርቆሮውን ግድግዳ በስቶ ወጣ። ውጭ ሰው ጮኸ።

እጇን አየችው። ጣቶቿ መሄድ በማይገባቸው በኩል ሄደዋል። ሕመሙ ገና አልመጣም። "አባዬ" አለች ቀስ ብላ፣ ሳህን እንደሰበረች ልጅ።

ከዚያ ሸሚዙ ጮኸ። የሰው ጩኸት አይመስልም ነበር። ተነስቶ ወንድሙን በሁለት እጁ ደረቱን መታው፤ እንደገና መታው፤ ዕድሜውን ሙሉ ቀና ብሎ ያላየውን ሰው ወደ ግድግዳው እየገፋ መታው።

"እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ያስቆረጥኳት! ግማሽ ዙር ግማሽ ዙር እያልኩ እኔ ነኝ የጨረስኳት! ዕቃ እንዳትጭን ብላኛለች፣ ለቤተሰብህ ንገር ብላኛለች፤ ፈርቼህ ነው ያልነገርኩህ! ክንድህን የሰበርኩት እኔ ነኝ!"

"ለምን?" አለ ወንድምየው።

"እሷን ላያት! እሷን ለማየት ነዋ! እወዳታለሁ ጋሼ፣ ሌላ ምን ብዬ እመጣለሁ?"

ወንድምየው የተበሳውን ቆርቆሮ አየ። ጆሮውን ዳሰሰ። የልጅቷን እጅ አየ። ቀስ ብሎ በግድግዳው ላይ ተንሸራቶ መሬት ተቀመጠና የክሪኩን እጀታ ለቀቀው።

"እና ሌላ ሰበብ አጣህ?" አለ። "ያባባን መኪና?"

ልጅቷ ይሄን ሁሉ ሰምታለች። ስትጠብቀው የከረመችው ቃል ይሄው መጣ፤ ሕመሙም አብሮት መጣ፤ ሁለቱ እኩል ደረሱባት። ደስ አላት፤ ደስ ስላላት ደግሞ ራሷን ጠላች። ሸሚዙ ነጩን ሸሚዙን አውልቆ እጇን ሲጠቀልልላት ተንሰቅስቃ አለቀሰች። አሁን እንባዋን ማን እንዳየው ግድ አልነበራትም።

*

ወደ ሆስፒታል ፒክአፑን የነዳው ሸሚዙ ነው። ጋቢናው ውስጥ አባቷ ደረቱ ላይ አስደግፏታል፤ ወንድምየው ከጫኞቹ ጋር ከኋላ ተጭኗል። መኪናው በዘለለ ቁጥር ትጮኻለች፤ እሷ ስትጮህ እሱ "ይቅርታ፣ ይቅርታ" ይላል። ሁለት ጊዜ መንገዱን ትቶ ዞር ብሎ አያት። ዓይኑ አብጧል። ያን ፊት ወደደችው፤ ያለ ሸሚዝ፣ ያለ ሰበብ፣ በንፍጥና በእንባ የተበላሸውን። እሷም እንደምትወደው ለአባቷ ምን ብላ እንደምትነግረው እንኳ ማሰብ ጀምራ ነበር።

ሆስፒታል ሲደርሱ አባቷን ቅንድቡን ሊሰፉለት ወደ ግራ ወሰዱት። እሷን በተሽከርካሪ አልጋ ወደ ቀኝ። የቀዶ ጥገናው በር ላይ አንዲት ወፍራም መነጽር ያደረገች መዝጋቢ ተቀምጣለች።

"አብሯት የሚገባ ቤተሰብ አለ?" አለች። ከዚያ እጁ በደም የተነከረውን፣ በካናቴራ የቆመውን ሰው ቀና ብላ አየችው። "አንተ ምኗ ነህ?"

ሸሚዙ አፉን ከፈተ።

እና ወንድሙን አየ።

የዓይን ጥቅሻ የምታህል እይታ ናት። ወንድምየው ደግሞ እያየው እንኳ አልነበረም፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ጭንቅላቱን ግድግዳ አስደግፏል። የከለከለው የለም፤ የተቆጣው የለም። ግን አየው፤ ሊያስፈቅድ። ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ፣ ከዚያ ሁሉ ደም በኋላ፣ "ምኗ ነህ?" ሲባል ዓይኑ መጀመሪያ የሄደው ወደዚያ ነው።

ልጅቷ አልጋው ላይ ሆና አየችው። ሞላው ጣቶቿን ሲሰብር እንደዚህ አላመማትም።

"ደንበኛ ነው" አለች።

"ምን አልሽ?"

"ጋራዥ የሚመጣ ደንበኛ ነው። ቤተሰቤ አይደለም።"

አልጋው ተንቀሳቀሰ። የሸሚዙ ድምፅ ከኋላዋ መጣ፤ "አይደለም! አይደለም፣ ቆይ! እጮኛዋ ነኝ፤ እንደዚያ ብለሽ ጻፊ፣ እለምንሻለሁ፣ እጮኛዋ ነኝ!" በሩን በቡጢ ይመታል። አንድ ዘበኛ "አንተ ሰውዬ፣ ተው!" ይላል። የሆነ ነገር ወድቆ ተሰበረ።

መዝጋቢዋ ከወረቀቷ ቀና አላለችም። "እሷ ደንበኛ ነው ብላለች" አለችው። "እኔ የምጽፈው እሷ ያለችውን ነው።"

ልጅቷ በሩ ከተዘጋ በኋላም ይሰማት ነበር። እጮኛዋ ነኝ፣ እጮኛዋ ነኝ ይላል። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያንን ቃል ከዚያች ጥቅሻ በፊት ብትሰማው ኖሮ፣ ደህናውን እጇንም ትሰጥ ነበር።